ኮለኑ ሲመልስ

ፈጠራ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። በራሴ የደረሰ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ጠራራ ፀሐይ። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ሳምንት አልሞላውም። ሥራዬ የተጎዱ ሕንፃዎችን መርምሬ "ይኖርበታል" ወይም "አይኖርበትም" ማለት ነው። አይኖርበትም ካልኩ በሩን ቀይ ቀለም እቀባዋለሁ። ስለዚህ የትም ብሄድ በደግ ዐይን የሚያየኝ የለም።

የዚያ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሰዎች ግን ባሱ።

ደረጃው ላይ ተደርድረው ቆመዋል። መንገድ የሚለቅ ጠፋ።

ባልደረባዬ አብሮኝ ነበር። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ሰንበሌጥ እንለዋለን።

"እንደምን ዋላችሁ?" አለ ጮክ ብሎ።

አንዲት ሴትዮ አፉን በመዳፏ ልታፍነው ምንም አልቀራት።

"ቀስ በል" አለች በሹክሹክታ።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ሁሉም ባዶ እግራቸውን ናቸው። ሕፃናቱ እንኳ ትንፍሽ አይሉም...

ምድር ቤት ወረድን። የሕንፃው ጠባቂ እግር በእግር ተከተለን።

ኮለን የምንለው ሕንፃውን የተሸከመውን ምሰሶ ነው። በመዶሻ መታ ስናደርገው ውስጡ ደህና ከሆነ ድምፁ ጥርት ይላል። የመሀሉ ኮለን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

መታሁት። ኳ... ኳ።

እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

ከዚያ... ከውስጡ...

ኳ... ኳ።

"ከላይ ሰው እየመታ ነው" አለ ሰንበሌጥ።

ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ይሞቃል። ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር።

ጠባቂው መዶሻውን ከእጄ ነጠቀኝ።

"ለምን ቀሰቀስሽው? ስንት ደክመን ያስተኛነውን።"

"ማንን ነው የሚሉት?"

"ውጪልን።"

ወደ ደረጃው ሮጥኩ። "ሁላችሁም ውጡ፤ ሕንፃው ይፈርሳል" አልኳቸው።

ሴትዮዋ ፊቴ ድረስ መጣች።

"እኛ ከወጣን ማን ያባብለዋል?"

ገፈተሩኝ። ተባብረው፣ ያለ አንዲት ቃል። አስፋልቱ ላይ ተዘረርኩ። የብረት በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ሰንበሌጥ ውስጥ ቀረ። እስከ ዛሬም አልወጣም፤ ሚስቱ ሄዳ ብትለምነው እንኳ።

በሩን ልደበድብ እጄን ሳነሳ መሬቱ እንደገና ተንቀጠቀጠ። የመብራት እንጨቶች ተወዛወዙ። ማዶ ያለው አጥር ተናደ። የቆሙ መኪኖች ጮኹ።

ያ ሕንፃ ግን ንቅንቅ አላለም።

ጸጥ ሲል ሰማኋቸው። ከየክፍሉ... በለሆሳስ...

"እሹሩሩ... እሹሩሩ..."

ቀና አልኩ። ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሰንበሌጥ ይታየኛል። ብጠራው አልዞረም። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በመዳፉ መታ... መታ ያደርገዋል።

ግድግዳውም ከመዳፉ ሥር ቀስ ብሎ ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ይላል።