ያልቆረጥኩት ማሰሪያ

ብስክሌተኞቹ «መቀስ» ነበር የሚሉኝ። ብስክሌት መጠገኛዬ ውስጥ፣ ከጎማ መንፊያው በላይ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ትልቅ መቀስ ነበረኝ። ወድቆ ጭንቅላቱን የመታ ሁሉ ሄልሜቱን ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔም ማሰሪያውን እቆርጥበታለሁ። ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም፣ አንዴ በደንብ ከተመታ ውስጡ ያለው ምቱን የሚውጥ ፎም ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛ አያድንም። ማሰሪያው ካልተቆረጠ ደግሞ ሰው ይሳሳለትና መልሶ ይደፋዋል። «አዲስ ነው እኮ፣ ተይልኝ» ቢሉኝም አልሰማም ነበር።

በኋላ እጮኛዬ የሆነውን ሰው ያገኘሁት በፍሬን ምክንያት ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ብስክሌቱን በእግሩ እየገፋ፣ ሁለቱም ጉልበቶቹ ተልጠው መጣ።

«ጮኸብኝ፤ ዘይት ቀባሁት።»

«ፍሬኑን?»

«ጩኸቱ ቆሟል።»

«ብስክሌቱስ?»

ጉልበቶቹን ቁልቁል አየና «እሱ አልቆመም» አለ።

ሳቄን ለመደበቅ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ። የፍሬኑን ዲስክ በአልኮል ጠረግሁ፤ ዘይት የጠጣውን የፍሬን ሸራ ለወጥኩለት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ሲወጣ ግን ሰዓቴን ባየው ከአንድ ሰዓት በላይ ሳስረዳው ቆይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከእኛ ጋር በብስክሌት ተራራ መውጣት ጀመረ። ዳገት ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ ስለሆነ «ኤሊው» አሉት። አይከፋውም፤ «ተራራው የትም አይሄድም» ይላል። እኔ ጫፍ ላይ ሰንሰለቴን የማስተካክል መስዬ እጠብቀዋለሁ። ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ «ዛሬም ሰንሰለቱ አስቸገረሽ?» ይለኛል። «በጣም» እለዋለሁ። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዝም እንላለን። እንደዚያ ዝምታ የወደድኩት ነገር የለም።

እናቱ ግን አልወደዱኝም። እቤታቸው ልብስ እየሰፉ ብቻቸውን ያሳደጉት አንድ ልጃቸው ነው። ሹፌር የነበረው አባቱ ሥራ እንደወጣ አልተመለሰም። «አባቱን መንገድ በላብኝ፤ እሷ ደግሞ ልጄን ገደል ለገደል ትነዳዋለች» ይላሉ አሉ። እንድንጋባ እንዲፈቅዱ ስምንት ወር ሙሉ ለምኗቸው እንቢ ሲሉት፣ በመጨረሻ እኔው ራሴ ሄድኩ። የጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ዱካ ላይ ተቀመጥኩና ቃል ገባሁላቸው። ብስክሌቱንም፣ የሚለብሰውንም ሁሉ በእጄ ሳላይ እሱ መንገድ አይወጣም አልኳቸው። የጀመሩትን ስፌት እስከ ጫፍ ጨረሱ፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«እንግዲህ ቃልሽን ይዣለሁ» አሉ።

ለሠርጋችን የሁለት ወር ቀጠሮ ተያዘ።

አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከሠርጉ ሽር ጉድ ትንሽ ልተንፍስ ብዬ ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ሄልሜቴን ለጀማሪ ሰው አውሼው ነበርና ሱቄ የሚተወውን የእሱን ከመስቀያው አውርጄ ደፋሁ። የሄድኩት «ደረጃው» ወደምንለው ድንጋያማ ቁልቁለት ነው። እዚያ ብቻውን ማንም እንዳይወርድ ሱቁ ግድግዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን ወረድኩ። የፊት ጎማዬ ድንጋይ መሀል ተሰነቀረና በመሪው ላይ አልፌ በጭንቅላቴ ወደቅኩ። ጆሮዬ ጭው እያለ ብዙ ተቀመጥኩ። ሄልሜቱን አውልቄ ሳየው ጥፍር የምታህል ጭረት ብቻ ናት። በአውራ ጣቴ ብፈትጋት ደበዘዘች።

ሱቅ ተመልሼ መቀሱን አወረድኩ። ማሰሪያውን በሁለቱ ስለቶች መሀል አስገባሁ። ከቆረጥኩ መናገር አለብኝ፤ የት እንደወደቅኩ፣ ለምን ብቻዬን እንደሄድኩ። ሰውን ሁሉ ስገሥጽ የኖርኩ ነኝ፤ ዓመት ሙሉ መሳቂያ እሆናለሁ። ወሬው እናቱ ጆሮ ከገባ ደግሞ ሠርጉ ይቀራል። መቀሱንም ሄልሜቱንም መልሼ ሰቀልኩ። ተመሳሳዩን ገዝቼ ቀስ ብዬ ልቀይረው አሰብኩ። ቅዳሜ የሚሸጥበት ሱቅ ስሄድ በእሱ ልክ የለም፤ ሰኞ ይመጣል አሉኝ።

እሁድ ጠዋት ራሱ ሄልሜቱን ከመስቀያው አንስቶ ደፋው። እንደ ሁልጊዜው አገጩን ቀና አደረገልኝ፤ ማሰሪያውን ቆለፍኩለት። እውነቱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጓደኞቻችን ዙሪያችንን ቆመው ይቀልዳሉ። እሱ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ነው፣ አይወድቅም፣ አንድ ቀን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት።

የወደቀው ደረጃው ላይ አይደለም። ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብሎ እየሄደ፣ እርጥብ የዛፍ ሥር አንሸራቶት ነው። ከኋላው ነበርኩ። ከወደቀበት አልተነሳም።

ሐኪሙን ስጠይቀው የተመታበት ቦታ ክፉ እንደነበረ፣ አዲስ ሄልሜትም ላያድነው ይችል እንደነበር ነገረኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን እውነት ይሁን አላውቅም። ደግሜ ለመጠየቅ ፈራሁ።

ብስክሌተኞቹ እያለቀሱ «አንቺ የምትችይውን ሁሉ አድርገሻል» ይሉኝ ነበር። አርባ ቀን ያህል ይህን ሰምቼ ዝም አልኩ። ከዚያ እናቱ ዘንድ ሄድኩ። የስፌት መኪናቸው በአንሶላ ተሸፍኗል። ከሐሙስ ጀምሬ እስከ እሁድ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ መቀሱን አንስቼ መመለሴን ሁሉ። እንዲሰድቡኝ፣ ከቤታቸው እንዲያባርሩኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

መኪናው ላይ ያለውን አንሶላ ጫፍ በመዳፋቸው አስተካከሉ።

«ስትወድቂ ማን አነሳሽ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ማንም፣ እማማ። ብቻዬን ነበርኩ።»

«ብትጠሪው ይመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ይቆጣሽ ነበር?»

«አይቆጣኝም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽውም፣ ልጄ?»

ከዚያ በፊት ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ቀና ብዬ አየኋቸው። መልሴን እየጠበቁ ነበር።