ከክፍሉ የወጣው ሰው

ፍቅር በአቅም ግንባታ ይጀመራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? የማርጎና የዴክላን ግን ከዚያው ነው የተጀመረው።

ማርጎ ፔተርድ ያን ጊዜ በታዝማኒያ ደቡብ፣ ሲግኔት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የመጻሕፍት አርታኢ ነበረች። የምትሠራበት አሳታሚ ድርጅት ድሮ ፖም ይታሸግበት የነበረ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ግድግዳው ዛሬም ፖም ፖም ይሸታል። አርታኢ ትባል እንጂ ካርቶን የምታሽገውም፣ ስልክ የምታነሳውም፣ ምድጃው ውስጥ እንጨት የምትጨምረውም እሷው ነበረች። ድርጅቱን ያቋቋሙት ሴትዮ፣ ኖሬን፣ አርጅተዋል። «ቤቱን ለአንቺ ነው ትቼልሽ የምሄደው» ይሏታል ነጋ ጠባ። አሳታሚ ቤቱ እንዴት እንደሚመራ ግን ማንም አላስተማራትም፤ ኖሬንም ዕድሜ ልካቸውን ሁሉን ነገር በጭንቅላታቸው ይዘው ነው የኖሩት።

ኖሬን ሲሄዱ ቤቱም አብሯቸው እንዳይሄድ፣ ለመጻሕፍት ሥራ ድጋፍ ወደሚሰጠው ጽሕፈት ቤት አመለከቱ። የተፈቀደላቸው ገንዘብ ትንሽ ነበር፤ ግማሹ የድርጅቱን አሠራር ለማስተካከል፣ ግማሹ ደግሞ አጠገቧ ሆኖ ማርጎን የሚያሠለጥን ልምድ ያለው አሳታሚ ለማምጣት። አማካሪው ከሜልበርን የሚመጣ ዴክላን ሩክ የሚባል ሰው ነው ተባለ።

እሱ በመጣበት ጠዋት ማርጎ መጽሐፍ የሚወስደውን የጭነት መኪና እየጠበቀች ነበር። በሩ ላይ እጅጌውን የሰበሰበ ረጅም ሰው ቆሞ አየች።

«ዘገየህ እኮ» አለችው። «ከበሩ አጠገብ ካሉት ጀምር። ያ የላላው ካርቶን የወፎቹ መጽሐፍ ነው፤ እሱን ቀስ አድርገህ።»

ሰውየው እንደታዘዘው ካርቶኖቹን እየተሸከመ አውጥቶ በረንዳው ላይ ደረደራቸው። ትክክለኛው ሾፌር ሲመጣ ማርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች ቀረች።

«አንተስ ማነህ?»

«ዴክላን ነኝ። አማካሪሽ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አዛዥነቱን ያወቅሽበት መሰለኝ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ገና በመጀመሪያው ትምህርት ላቋርጥሽ አልፈለግሁም።»

ማርጎ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ኖሬን ከውስጥ ሆነው ሳቃቸውን ለቀቁት።

ከዚያ በኋላ ዴክላን በየወሩ እየመጣ ይሰነብት ጀመር። አንድ መጽሐፍ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ከማተሚያ ቤት ጋር እንዴት እንደሚከራከሩ፣ ኖሬን ሲለቁ ማን ምን እንደሚይዝ፣ ሁሉንም ከማርጎ ጋር ቁጭ ብሎ መልክ አስያዘ። የቤቱን መጪ ዘመን ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠሩት ማለት ይቻላል።

«በዚህ ሥራ ከባዱ ‹አይሆንም› ማለት ነው» ይላት ነበር። «እስቲ ለእኔ በይኝ።»

«ምን ብዬ?»

«መጽሐፌን ይዤልሽ መጥቻለሁ እንበል። መጽሐፉ አይረባም። እኔ ግን ዓይን ዓይንሽን እያየሁ ቆሜያለሁ።»

«አይሆንም» አለች ማርጎ፣ ዓይኑን ለማየት እየሞከረች።

«አላመንኩሽም።»

«እኔም አላመንኩም።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን አንዳቸውም ዓይናቸውን ከሌላው ላይ አልነቀሉም። ኖሬን ይህን ሁሉ ከመነጽራቸው በላይ ያያሉ።

«ሰውየው የሚያስተምርሽ ሒሳብ ነው አይደል?» አሏት አንድ ቀን፣ ዴክላን እንጨት ሊያመጣ ሲወጣ።

«ሒሳብ ነው። ምነው?»

«አይ፣ ሒሳብ እንዲህ የሚያስቅ ከሆነ እኔን እንዴት ሳያስቀኝ ቀረ ብዬ ነው።»

በዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር። መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት የመጨረሻው እርማት በሁለት ሰው ይነበባል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ምልክት ጭምር፣ «ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ» እያለ። ሌላው በእርሳስ ይከተላል። ድርቅ ያለ ሥራ ነው፤ እንቅልፍ ያመጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ዴክላን ያነብላት ነበር፤ ስለ አንዲት የዓሣ አጥማጅ ሚስት የተጻፈ ልቦለድ።

«እጇን ያዘ አራት ነጥብ» አለ ዴክላን። «ቀና ብሎ አያት አራት ነጥብ። እወድሻለሁ...»

ማርጎ እርሳሷን ወረቀቱ ላይ እንዳቆመች ጠበቀች። ቀና ስትል እሱ የሚያየው ወረቀቱን አልነበረም።

«አራት ነጥቡስ?» አለችው በቀስታ።

«እ?»

«ምልክቱን አላነበብከውም።»

«አዎ። አራት ነጥብ» አለና ቀጣዩን መስመር በጣቱ ሲፈልግ ቆየ።

እኔ ብሆን እዚያው እናገር ነበር። ዴክላን ግን እሷን ለማስተማር ተከፍሎት የመጣ ሰው ነውና፣ ሥልጠናው ሳያልቅ ልቡን ቢነግራት የሚያሳፍራት፣ እምቢ ለማለትም የሚያስቸግራት መሰለው። ጨዋነት ነው፤ አልክድም። ጨዋነት ግን ሰውን እንደዚህ ሲጎዳ ያየሁት በእሱ ነው።

የሥልጠናው መጨረሻ ደረሰ። ኖሬንና ማርጎ ለትልቁ ድጋፍ አመለከቱ፤ ድርጅቱን ለጥቂት ዓመታት ደግፎ ይዞ ኖሬን በሰላም እንዲለቁ የሚያስችለው እሱ ነው። ካልተገኘ ቤቱ ይዘጋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ዴክላን በሚሄድበት ቀን ማርጎ መንገድ ዳር ፖም እስከሚሸጥበት ድረስ ሸኘችው።

«ለዚህ ዙር ገምጋሚ ሁን ብለው ጠርተውኛል» አላት።

«የእኛ ያለበትን?»

«የእናንተ ያለበትን።»

ማርጎ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። «እንግዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ እኛን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ ማለት ነዋ። አድላልን አልልህም። እውነቱን ብቻ ንገራቸው።»

«እውነቱን እነግራቸዋለሁ» አለ ዴክላን። ከዚያ እግሩ ሥር ያለውን ጠጠር እያየ፣ «እስከ ውጤቱ ግን መገናኘት የለብንም፤ ደንብ ነው። ውጤቱ እንደወጣ እመጣለሁ። የምነግርሽ ነገር አለ» አለ።

«አሁን ብትነግረኝስ?»

«ከውጤቱ በኋላ ይሻላል።»

ማርጎ ምን እንደሆነ የገባት መስሏት ነበር። ወደ መጋዘኑ ስትመለስ ለብቻዋ እየሳቀች ነው የተመለሰችው።

ውጤቱ መጣ፤ አልተፈቀደላቸውም። መጻሕፍቶቻቸው ጥሩ ናቸው፣ ነገር ግን ኖሬን ሲለቁ ድርጅቱ በምን እግሩ እንደሚቆም ገምጋሚዎቹ ሊታያቸው አልቻለም ተባለ። ማርጎ ይህን ስትሰማ ጆሮዋን አላመነችም። ዴክላን ወራቱን ሙሉ ከእሷ ጋር ቁጭ ብሎ የሠራው እሱኑ አልነበረም? አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ይበቃ ነበር። ኖሬን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «በቃ» አሉ።

ዴክላን እንደተናገረው መጣ። ከመንገድ ዳር የገዛውን ፖም በከረጢት ይዟል። ማርጎ መደርደሪያዎቹን ባዶ እያደረገች ነበር።

«ምን አልካቸው?» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

«ስለ እናንተ ምንም አላልኩም። የእናንተ ተራ ሲደርስ ወጣሁ።»

«ወጣህ?»

«ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ።»

ማርጎ የያዘችውን መጽሐፍ አስቀመጠችው። «አማካሪ መሆን እኮ ከክፍል አያስወጣም። ደንቡን ያስተማርከኝ ራስህ ነህ። አማካሪ የነበረ ሰው ቁጭ ይላል፣ የሚያውቀውን ይናገራል፣ ድምፅ ብቻ አይሰጥም። ተነስቶ የሚወጣው ባል ነው፣ ዘመድ ነው፣ የቅርብ ሰው ነው። አንተ ለኔ ምኔ ነህና ነው የምትወጣው?»

ዴክላን አያት። ከረጢቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። ማርጎ እንዲያ ብላ ጠይቃ መልሱን ራሷ ተናግራዋለች፤ ግን ንዴቷ ጆሮዋን ደፍኖት አልሰማችውም።

«ስምህ እንዳይነካ ነው» አለች። «ንጹሕ ሰው መባል ፈልገህ ነው። በእኛ ነፍስ ንጹሕ ሆንክ።»

«እንደሱ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው? ንገረኛ።»

ከኋላዋ ባዶ መደርደሪያዎች አሉ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ኖሬን ተቀምጠዋል። ያን ሰዓት «ስለምወድሽ ነው የወጣሁት» ቢላት፣ ቤቷን ያስዘጋ ሰው የሚያቀርበው ሰበብ ይመስልበት ነበር። እሱ እንደዚያ ነው ያሰበው። እሷ ደግሞ ያን አንድ ቃል ብትሰማ ኖሮ ቤቱም ቢዘጋ ይቅር ትለው ነበር፤ ይህን ያወቀችው ግን ኋላ ነው።

«ይቅርታ፣ ማርጎ» አለ በመጨረሻ። ፖሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። አልጠራችውም።

መጋዘኑ ለጀልባ ሠሪዎች ተከራየ። ኖሬን እህታቸው ዘንድ ገቡ። ማርጎ ሜልበርን ሄዳ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት ተቀጠረች፤ በሥራዋም ተከበረች። «አይሆንም» ማለት የምትችል አርታኢ ይሏታል። ዴክላን ወደ ሎንሰስተን ከተማ ሄዶ የመጽሐፍ መደብር እንደከፈተ፣ እንዳገባ፣ ሴት ልጅ እንደወለደ ሰማች። ስሙ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች። ለዓመታት የተሸከመችው ቂም ነው ብላ ነበር የምታምነው።

ከዕለታት አንድ ቀን እሷም ገምጋሚ ሆና ተጠራች። ያው ድጋፍ ነው፤ ያው ትንንሽ አሳታሚዎች፣ ያው አቅም ግንባታ። ሻይ እየጠጡ እያንዳንዱን ማመልከቻ ይነጋገሩበታል። ከዳርዊን ከተማ የመጣ የሁለት ሰዎች ድርጅት ማመልከቻ ተራው ሲደርስ፣ ከጎኗ የተቀመጠችው ፒያ የምትባል አርታኢ ወንበሯን ገፋ አደረገች።

«እኔ ልውጣ» አለች።

«ምነው?» አላት ሰብሳቢው።

«የድርጅቱ ባለቤት አማካሪ ነበርኩ። ያለፈውን ዓመት።»

«አማካሪነት ከሆነማ ቁጭ በይ። የምታውቂውን ትነግሪናለሽ፣ ድምፅ ብቻ አትሰጪም።»

«አውቃለሁ» አለች ፒያ።

አንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል። ተነስታ ወጣች። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ ወረቀቱን ገለጠ፤ ሌሎቹም እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ አሉ። ማስረዳት አላስፈለገም። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ገብቶታል።

የማርጎ እጅ ሻይ ኩባያው ላይ ቀረ። ያኔም እንዲህ ነበር ማለት ነው። ዴክላን ተነሳ፣ ቁጭ በል አሉት፣ አውቃለሁ አለ። የማያውቁት ሰዎች አይተውት ፈገግ አሉ። ሁሉም አወቁ። «ምኔ ነህ» ብላ የጮኸችበት እሷ ብቻ ሳታውቅ ቀረች። ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ቂም እንዳልነበር ያኔ ለየችው፤ ፍቅር ነበር፣ የሚሄድበት አጥቶ የቆየ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ትንሽ እረፍት ብናደርግ» አለችው ሰብሳቢውን።

ፒያ ኮሪደሩ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች።

«ነግረሽዋል?» አለቻት ማርጎ።

«ምኑን?»

ማርጎ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ፒያ አንገቷን ደፋች።

«አልነገርኩትም። ከውጤቱ በኋላ ልነግረው ነው።»

«ከውጤቱ በፊት ንገሪው።»

«መገናኘት አይቻልም እኮ፤ ደንብ ነው።»

«ደንቡ ስለ ማመልከቻው አታውሩ ነው የሚለው። ስለ ልብሽ የሚለው ነገር የለም። አንብቤዋለሁ» አለች ማርጎ፤ ድምጿ ተሰበረ። «ከተከለከለ በኋላ ብትነግሪው ሰበብ ይመስላል። ያን ጊዜ መናገር ያቅትሻል። እሱም ይቆጣል፣ አይሰማሽም። ስሚኝ፤ ዛሬውኑ ደውይለት።»

ፒያ፣ ማርጎ ለምን እንደምታለቅስ ልትጠይቃት አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችውና ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ማርጎ በሩን ከፍታ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

«እሺ፣ ይህን የዳርዊን ድርጅት በቅርብ የሚያውቅ አለ?» አለ ሰብሳቢው። የፒያ ወንበር ባዶ ነው።

«የሚያውቃቸው ሰው ውጭ ነው ያለው» አለች ማርጎ። «ስለዚህ እኛ ከመወሰናችን በፊት ማመልከቻቸውን ጮክ ብለን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናንብበው። ያን ያህል እንኳ ይገባቸዋል።»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና እሺ አለ። ማርጎ ወረቀቱን አንስታ ማንበብ ጀመረች። በበሩ ስንጥቅ የፒያ ድምፅ በስሱ ይሰማል፤ የምትለው አይለይም።

«ቤታችን ትንሽ ነው ነጠላ ሰረዝ ነገር ግን የምናሳትመውን እንወደዋለን አራት ነጥብ» አለች።

ገምጋሚዎቹ ተሳሳቁ። «ምልክቱንም ታነቢዋለሽ እንዴ?» አላት አንዱ።

ማርጎ ወረቀቱን ትንሽ ዝቅ አደረገችው።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለች። «ሁለት ሆነን ስናነብ እንዲህ ነበር የምናነበው።»