የኅዳር ሚካኤል ጽዋና የጄኔቫው መዝገብ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ከጄኔቫ ወጣ ብላ በምትገኘው በላንሲ፣ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፤ በዚያም ጉም ውስጥ ግራዝማች አስፋ የሚነዷት ትንሽ መኪና እንጨት ከጫነ ካሚዮን ጋር ተጋጨችና ግራዝማች ወዲያው ዐረፉ፤ ከጎናቸው የነበሩት ቀኛዝማች ኅሩይ ግን ክንዳቸው ተሰብሮ ተረፉ።

ሁለቱም ደርግን ሸሽተው የተሰደዱ ነበሩ፤ አስፋ የወረዳ ገዥ፣ ኅሩይ ደግሞ በአዲስ አበባ ሃያ ዓመት በዳኝነት ወንበር የተቀመጡ። ግራዝማች ከለበሱት ልብስ በቀር ይዘውት የወጡት ነገር ሳይኖር፣ ደርግ «የሕዝብ ሀብት ዘርፎ የኮበለለ» ብሎ መዝግቧቸዋል። በዚያ ቀን ግራዝማች ከላንሲ አጠገብ ባለችው በኦኔ በሚገኘው ቤታቸው የሚካኤልን ጽዋ አውጥተው፣ ባልንጀራቸውን ወደ ቤቱ ሊያደርሱ ነበር መንገድ የጀመሩት።

መርማሪው ዳኛ ቀኛዝማችን ከመጥራቱ በፊት የግራዝማች ባለቤት፣ ባለ ሐዘኗ ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ ወደ እርሳቸው መጡ።

«ቀኛዝማች፣ የመልአኩን ጽዋ በፈረንጅ ችሎት መጠጥ ሊያሰኙብኝ ነው? እዚያ ሌባ አሉት፤ እዚህ ደግሞ ሰካራም ይበሉት?»

«ሁለት ብርሌ ጠጅ እኮ ነው ወይዘሮ፤ ግራዝማች በአራት ብርሌም ሞቅ ብሏቸው ዘፍነው አያውቁ!»

«ይህን ፈረንጅ ከየት ያውቀዋል? ያልፈላ ብርዝ ነበር ይበሉልኝ። ብርዝ ለሕፃንም ይሰጣል።»

ቀኛዝማች የሟቹን ስም ከእውነት አስበልጠው፣ እሺ አሉ።

በችሎቱም ካሚዮኑ መካከለኛውን መስመር አልፎ እንደመጣባቸው በዓይናቸው ያዩትን መሰከሩ፤ የካሚዮኑ ነጂ ግን መስመሩን የጣሰችው መኪናዪቱ ናት ብሎ ነበር፤ ከእርሱ በቀር ያየው ቀኛዝማች ብቻ ነበሩ።

«ሟቹ ጠጥተው ነበር?» አለ ዳኛው።

«ብርዝ ብቻ፤ ያልፈላ የማር ውኃ።»

ዳኛው አንድ ወረቀት ከፊቱ ሳበ። «ሙሴ ኅሩይ፣ በሟቹ ደም ውስጥ በሺህ ዜሮ ነጥብ ስድስት አልኮል ተገኝቷል። ሕጋችን እስከ ዜሮ ነጥብ ስምንት ይታገሣል፤ እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ ይህ ወረቀት ሟቹን ባልጎዳቸው።»

«ቃሌን አርማለሁ፤ ሁለት ብርሌ ጠጅ ነው። የካሚዮኑ ነገር ግን . . . »

«የካሚዮኑን ነገር አሁን በምን ልመንዎ?»

ይህንኑ ጥያቄ ቀኛዝማችም በዳኝነት ወንበራቸው ሳሉ ስንቱን ምስክር ጠይቀው መልሰውት ነበር። መዝገቡም ጥፋቱ የሟቹ ነው ተብሎ ተዘጋ።

በግንቦት ፲፱፻፹፫ የደርግ መውደቅ በተሰማ ሰሞን፣ ቀኛዝማች በባቡር ዙሪክ ወርደው፣ ወይዘሮ ዘነበወርቅን በአፎልተርን ሰፈር ከልጃቸው ቤት ጠየቋቸው።

«እንግዲህ የአስፋ ስም ይነጻል» አሉ ወይዘሮ።

«የአዲስ አበባውን መዝገብ የጻፉት ጠላቶቻቸው ናቸው፤ ይሻር ይሆናል። የጄኔቫውን ግን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ብርዝ ያስባልኩዎ እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ባል ሞቶብዎ ነበር፤ እኔ ግን ዳኛ ነበርሁ።»

የዚያ ዘመን ታሪክ የተሻሩትንና የተሾሙትን በስማቸው ይዟል፤ ስለ ግራዝማች አስፋ ግን የቀሩት ሁለት መዝገቦች ብቻ ናቸው፤ አንዱን ጠላት በክፋት፣ ሁለተኛውን ወዳጅ በፍቅር ያጣመሙት። በላንሲ መንገድ የካሚዮኑ ጎማ መስመሩን ሲያልፍ ያዩት ሰው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ዳግመኛ ግን የጠየቃቸው አልነበረም።