ቆብ የደፋችው ኤም

ጸጋአብ በሞተ በሁለተኛው ቀን ፖሊስ ጣቢያው ጉዳዩን ሊዘጋው ተቃርቦ ነበር። ኢንስፔክተር ገዲሴ ረቡዕ ጠዋት ቢሮዋ ስትገባ ጠረጴዛዋ ላይ የጠበቃት ስስ ፋይል «ራሱን ያጠፋ» ይላል። የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። ብዕሯን ልታነሳ ስትል የሟች ታላቅ እህት ፅጌረዳ በሩን ገፍታ ገባች።

«ወንድሜ ራሱን አላጠፋም» አለች እንደቆመች። «የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ከእናንተ ሰምተው እንዴት እንደሚቀበር እየተማከሩ ነው። በወጉ ሳትመረምሩ ይህን ስም የለጠፋችሁበት በማን ፈቃድ ነው?»

ገዲሴ በሃያ ዓመት ሥራዋ ብዙ ለቅሶ ሰምታለች። ይህች ሴት ግን እያለቀሰች አልነበረም፤ ተቆጥታ ነበር። ቁጣዋም ትክክል ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የአንድ ሰዓት ሥራ ብቻ መሆኑን ገዲሴ ገና ሳትከፍተው ታውቃለች። አለቃዋ ደውለው እስከ እኩለ ቀን እንድትጨርስ ሲያዟት «እሺ» አለች፤ ፋይሉን ሳትፈርም በብብቷ ይዛ ወጣች።

ጸጋአብ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰኞ ማምሻውን ከጣራው ላይ ወድቆ፣ በነጋታው ጠዋት ጥበቃው ከጓሮ፣ ከግንባታ እንጨት ክምር መሃል አገኘው። ሰኞ ማታ የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስላመሸ የሰማ ሰው የለም። ጥበቃውም ከዝናቡ ተጠልሎ ነበርና በመኪና ማቆሚያው በኩል ማን እንደገባ አላየም።

የጸጋአብን ሥራ ለገዲሴ ያስረዳቻት የሥራ ባልደረባው ዮዳሄ ናት። በየገጠሩ ጤና ጣቢያ በእርዳታ የመጡ ስልሳ የደም መመርመሪያ ማሽኖች ተቀምጠዋል። የሚሠሩት ሶልቪክ በሚባል፣ ሌላ ማንም በማይጠቀምበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ማሽኑን በሚያንቀሳቅስ ዋና ፕሮግራም ነው። አምራቹ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ብልሽት ሲገጥማቸው የሚያነጋግራቸው ጠፍቶ አቧራ ለብሰዋል። ጸጋአብ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋው፣ ወጣት ቴክኒሻኖች ሁሉ የሚያውቁትን አንድ ቀላል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሶልቪክ ላይ እንዲሠራ ለማድረግ ነበር። ለዚህም የቋንቋውን ኢንተርፕሬተር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን መስመር በመስመር እያነበበ ለማሽኑ የሚያስረዳውን ፕሮግራም፣ ወደ ሶልቪክ ማሻገር ነበረበት። ያ ከተሳካ አንድ የጤና ጣቢያ ቴክኒሻን በአሥር መስመር ጽሑፍ የሞተ ማሽን ማስነሳት ይችላል።

«ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱ የሚረጋገጥባቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት ፈተናዎች ነበሩበት» አለች ዮዳሄ። «የመጨረሻው ለወራት አላልፍ ብሎት ነበር። ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ አለፈ። እኔና ነጋ አጠገቡ ነበርን። እንደ ሕፃን ነው የዘለለው።»

«ለሌላ ሰው ነገራችሁ?»

«ሥራው ለእንግዶች እስከሚቀርብበት እስከ ሐሙስ ለማንም እንዳንናገር ለመነን።»

ገዲሴ በጋራ ክፍሉ ለሙከራ ወደተቀመጠው የሶልቪክ ማሽን ሄደች። የይለፍ ቃል የለውም፤ ማንም ይከፍተዋል። ስክሪኑ ላይ፣ የሟች የስንብት ቃል ነው የተባለው ማስታወሻ እንደተገኘ አለ። ሶልቪክ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል፦ ይቅር በሉኝ። ሁለት ዓመት ለፋሁ። የመጨረሻው ፈተና አላልፍ አለ። ከዚህ በላይ አልችልም።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ትናንት የመጡት ባልደረቦቿ ፎቶ አንስተው ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ ኖሮ፣ ያለፈን ፈተና «አላለፈም» ብሎ የሚሞት ሰው እንደሌለ ይገባቸው ነበር። ሌላም ነገር አየች። በየመስመሩ መጨረሻ ጫፉ ሹል የሆነ ቆብ የደፋች የእንግሊዝኛ ኤም (^M) ተቀምጣለች።

ነጋ በድርጅቱ የቆየ ፕሮግራመር ነው። ሰኞ ጠዋት ጸጋአብ ላይ መጮኹን ሁሉም ሰምቷል፤ ራሱም አልካደም። ሥራው ዕድሜ የሚበላ ከንቱ ድካም ይመስለው እንደነበር፣ አሥር ሰዓት ላይ ግን በዓይኑ አይቶ ይቅርታ እንደጠየቀው ለገዲሴ ነገራት። ይህን ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር።

ስለ ኤሟ ስትጠይቀው ቀና አለ።

«ይህቺ ከእኛ ላፕቶፖች የምትመጣ ናት። የእኛዎቹ በየመስመሩ መጨረሻ የማትታይ ተጨማሪ ምልክት ያስቀምጣሉ። ሶልቪክ ስለማያውቃት እንዲህ አድርጎ ያሳያታል። ኢንተርፕሬተሩ እሷን አይቶ እንዳይደናቀፍ ጸጋአብ ሦስት ወር ታግሏል።»

«እዚሁ ማሽን ላይ ቢጻፍስ?»

«አትኖርም።»

ገዲሴ የማሽኑን የሥራ መዝገብ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ሰኞ ማታ ለሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ፍላሽ ተሰክቶበታል። ማሽኑ የፍላሹን ቁጥር መዝግቧል።

በመጨረሻ ያነጋገረችው ሥራ አስኪያጁን አቶ አምሐን ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። ሰኞ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ስብሰባ ላይ አምሽቶ ከዚያው ወደ ቤቱ መሄዱን ነገራት።

«ምስኪን ልጅ» አለ። «ያ የማያልፍ ፈተና ነው የበላው።»

«ሐሙስ ሥራውን ለእንግዶች የሚያቀርቡት እርስዎ ነበሩ አሉ?»

«ምን ይደረግ፣ ያለቀውን ያህል አቀርባለሁ። መጀመሪያም ሐሳቡ የእኔ ነው።»

ስትወጣ ዮዳሄ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ፣ ሰኞ ከምሳ በኋላ ከጸጋአብ ጋር ያገኙትን ነገረቻት። በእያንዳንዱ የፕሮግራሙ ፋይል አናት ላይ የጸሐፊው ስም ይሰፍራል። ከሦስት መቶ በሚበልጡ ፋይሎች ላይ የጸጋአብ ስም ተፍቆ የአምሐ ገብቶበታል። ጸጋአብ ሲያየው ፊቱ በንዴት ደም መሰለ። ዮዳሄ ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ ትናንት ለፖሊስ ዝም በማለቷ ራሷን ትረግም ነበር።

እኩለ ቀን ካለፈ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። አለቃዋ አራቴ ደውለዋል፤ አላነሳችውም። ሦስቱንም በጋራ ክፍሉ ሰበሰበች። ፅጌረዳንም አስጠርታ ከማሽኑ አጠገብ አስቀመጠቻት። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ።

«ይህን ማስታወሻ ጸጋአብ አልጻፈውም» ብላ ጀመረች። «አንደኛ፣ ፈተናው አልፏል። ያለፈበት ሰዓት እዚሁ ማሽን ውስጥ ተመዝግቧል። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ በሌላ ኮምፒውተር ተጽፎ በፍላሽ የመጣ ነው። ይህቺ ቆብ የደፋች ኤም ትመሰክራለች። ጸጋአብ ማሽኑ አጠገቡ እያለ በላፕቶፕ ጽፎ የሚያመጣበት ምክንያት የለውም።»

ገዲሴ ስክሪኑ ላይ ወዳለው ማስታወሻ አመለከተች።

«እንግዲህ የጻፈው ሰው ማን ነው? ፈተናው ማለፉን ያልሰማ ሰው ነው። ነጋና ዮዳሄ አይተዋል፤ አንዳቸው ሊያታልሉን ቢፈልጉ ማሽኑ ራሱ የሚያጋልጠውን ውሸት አይመርጡም። ደግሞም ሁለቱም ይህቺን ኤም ያውቋታል፤ አይተዋት አይተዉአትም። የጻፈው ሶልቪክ ላይ አንድ መስመር መጻፍ የማይችል፣ ፋይል ገልብጦ ከመክፈት ያለፈ የማያውቅ ሰው ነው። በሌላ ሰው ሁለት ዓመት ላይ ስሙን ለጥፎ፣ ሥራው ግን ምን እንደሆነ አንድ ቀን ያልገባው ሰው።»

ወደ አምሐ ዞረች። እስካሁን ስታናግረው በአንቱታ ነበር።

«ቁልፍህን አምጣ» አለችው።

ቁልፉ ላይ፣ ቢሮው ሳለች ዓይኗ ያረፈበት ፍላሽ ተንጠልጥሏል። ነጋ ተቀብሎ ማሽኑ ላይ ሰካው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥርና የሰኞው ቁጥር አንድ ነበር። ነጋ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ማንም ሳያዝዘው ደገመው።

አምሐ ለመካድ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። ሦስተኛው ላይ ለስላሳው ድምፅ ጠፋ። ጸጋአብ ስልክ ደውሎ ከስብሰባው ወደ ጣራው ጠርቶት ሐሙስ እንግዶቹ ፊት አጋልጥሃለሁ እንዳለው፣ እሱ ባይቀጥረው የት ይደርስ እንደነበር፣ ወለሉ በዝናብ አዳልጦ እንደነበር ተናገረ።

«ልገፋው አልፈለግኩም» አለ።

«ሊሆን ይችላል» አለች ገዲሴ። «ማስታወሻውን ግን ፈልገህ ነው የጻፍከው። ሬሳው ጓሮ ዝናብ እየመታው ላፕቶፕ ከፍተህ ተቀምጠህ በስሙ ይቅርታ ጠየቅክ።»

ፅጌረዳ ተነሳች። ፖሊሶቹ ልትመታው መስሏቸው ቀረብ አሉ። እሷ ግን ፊቱ ቆማ፣ «የእናታችንን ስም ታውቀዋለህ?» አለችው። አላወቀውም። «እንግዲያው ልንገርህ» ብላ ነገረችው፤ ቀስ ብላ፣ ከነአያታቸው። ከዚያ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

በመስከረም መጨረሻ ነጋና ዮዳሄ ኢንተርፕሬተሩን ይዘው ወደ አንድ የወላይታ ጤና ጣቢያ ወረዱ። ፅጌረዳም አብራቸው ሄደች። የጤና ጣቢያው ቴክኒሻን፣ ንግስት የምትባል፣ አሥራ አንድ መስመር ጻፈች። አራት ዓመት ዝም ያለው ማሽን አጉረምርሞ የአንዲት ነፍሰ ጡር የደም ውጤት አተመ።

ንግስት ወረቀቱን ይዛ፣ «ይህን ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀች።

ነጋ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ፅጌረዳ ቀደመችው። የወንድሟን ስም ከነአባቱ ተናገረች፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ ገና ባልበረደ ቁጣ።