ተርብ መሳይ

በጥር ወር ፲፱፻፸ ዓ.ም.፥ ቀይ ሽብር አዲስ አበባን አንቆ በያዘበት ዘመን፥ ከአትክልት ተራ እስከ ምኒልክ አደባባይ ወጣት ያላት እናት ሁሉ እንቅልፍ አልነበራትም፤ ብርቱካን ነጋዴዋ ወይዘሮ ዓለምጸሃይም ልጅ ባትወልድም ታናሽ ወንድሟን ሰመረን በእጇ አሳድጋለችና ጭንቋ ከእናቶቹ አላነሰም። ሰመረ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ቁጣ አያውቅም፤ ፈሪም ነው።

አንድ ቀን ከበሰበሰ ብርቱካን ላይ ቢጫና ጥቁር ዥንጉርጉር በራሪ አረፈ፤ ሌላውን ዝንብ ይለቅሙ የነበሩት ዶሮዎች እሱ ዘንድ ሲደርሱ ሸሹ። ተርብ መስሏት ጨፍልቃ ብታየው መንደፊያ የሌለው ተራ ዝንብ ነው! ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። በማግስቱ ከሳልባጅ ነጋዴ ካድሬዎቹ የሚለብሱትን ዓይነት ካኪ ልብስና ባዶ የሽጉጥ አፎት ገዝታ መጣች።

«እትዬ፥ እኔ እኮ ዶሮ እንኳ ማረድ የማልችል ሰው ነኝ፤» አላት ሰመረ።

«ማን እረድ አለህ? ዓይንህን አፍጥጥ፤ ሰላምታ አትመልስ፤ ይበቃል።»

በቃም። የቀበሌው ታጣቂዎች ከበላይ የተላከ ጓድ መስሏቸው አለፉት፤ የሰፈራቸው የዶሮ ማነቂያ ነዋሪ ግን ከኋላው ምራቁን ይተፋ፥ ልጆቹን ከደጅ እየጎተተ ያስገባ ጀመር። ዓለምጸሃይ በዚህ ከልቧ ደስ አላት። ይትፉ! ጥላቻቸው ወንድሟን በሕይወት እስካቆየላት ድረስ ምን ገዷት።

በየካቲት አንድ ማለዳ የጎረቤቷ የወይዘሮ ሰዓዳ ልጅ አብዱልሃኪም፥ ታጣቂዎች ሲያሳድዱት፥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ ቤቱ ወደሚገባበት ወደ ዓለምጸሃይ ደጅ ሮጠ። በሩ ክፍት ነበር። ሰመረ ካኪውን እንደ ለበሰ ብቅ ብሎ «ግባ!» ሊለው አፉን ሲከፍት፥ ወጣቱ ልብሱን አይቶ ደነገጠ፤ ዞሮም ወደ መጣበት ሮጠ። ተኩሱ ከመታጠፊያው ተሰማ።

ዓለምጸሃይ ለልቅሶ ስትሄድ ወይዘሮ ሰዓዳ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ወንድሜ ማንንም አልነካም፤ ልብሱ የውሸት ነው፤ እኔ ነኝ ያለበስኩት!» አለች ዓለምጸሃይ።

«የልጄ ሞት ግን የእውነት ነው፤» አለቻት ሰዓዳ፤ «ካንቺ ቤት ሌላ መሸሸጊያ አልነበረውም። ሂጂልኝ።»

ዘመን ተለወጠ፤ የሟቾቹ ስም በድንጋይ ተቀረጸ፤ የገዳዮቹም ስም በሰው አፍ ቀረ። ሰፈሩ ሰመረን ከገዳዮቹ ጋር ቆጠረው፤ እሱም እስኪሞት አላስተባበለም። የዓለምጸሃይን ስም ግን እስከ ዛሬ ማንም አላነሣም፤ ከሰዓዳ በቀር።