በአቶ ባሳ በር ላይ የሚጮኸው ቺንጊያ

እኔ በጥላ፣ በመንፈስ፣ በሙታን ድምፅ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን በቅድሚያ ያዙልኝ። ድምፅ ከሰማሁ ኩሽኔታ ነው፣ ጭስ ካየሁ ዘይት ነው፣ ሌላው ሁሉ መፍቻ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች ወሬ ነው። ሶዶ ውስጥ መኪና ስፈታና ስገጥም አርባ ዓመት አልፎኛል፣ ኮሌጅ አልገባሁም፣ ወረቀት የለኝም፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ያስተማሩኝ ጣቶቼና ጆሮዎቼ ናቸው፣ እመኑኝ፣ ከሦስት ቤት ማዶ የሚነሳ ሞተር የትኛው ካንዴላው እንደደከመ ተኝቼ እነግራችኋለሁ። ስለዚህ አሁን የማወራው ነገር ከማንም በፊት የሚያናድደው እኔን ነው። ሌሊት ሆኖ ቢሆን አንቀላፍተህ ነው ትሉኝ ነበር፣ ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

መኪናዋ የወይዘሮ አልማዝ ነበረች። አልማዝ ቦዲቲ ላይ የልብስ ስፌት ሱቅ ያላት፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ የዕድሜ እኩያዬ ናት። መኪናዋ አሮጌ ብትሆንም ሱፐርቻርጀር የሚባል ነገር አላት፣ ለማያውቅ ልንገር፣ ሞተሩ ራሱ ከሚስበው በላይ አየር በግድ የሚያጎርሰው መንፊያ ነው፣ የሚዞረውም በሞተሩ ጉልበት ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቺንጊያ የምንለው የጎማ ቀበቶ ነው። ቺንጊያው ከተንሸራተተ መንፊያው ይሰንፋል፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ትለግማለች፣ ጩኸቱም ጥርስ ያንገጫግጫል።

«ዳልኬ፣ ሰልችቶኛል» አለችኝ ጋራዤ በር ላይ አቁማ። «ዳገት በወጣሁ ቁጥር ትጮሃለች፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ተመስገን በኮምፒዩተር አይቶ መንፊያው ይቀየር ብሏል።»

ተመስገን ከእኔ ፊት ለፊት ጋራዥ የከፈተ፣ በቴክኒክ የተመረቀ ጎልማሳ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ያቺን መመርመሪያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲንጎራደድ ደሜ ይፈላል። ስሙ ሲጠራ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ኮምፒዩተርህ ጆሮ አለው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እሱ የሚያየው ቁጥር ነው። አየሩ ያንሳል። መንፊያው ደክሟል።»

«መንፊያው ጤነኛ ነው፣ የሚንሸራተተው ቺንጊያው ነው!»

«ይሁንልዎ፣ ቺንጊያውን ሦስት ጊዜ ቀይረንላታል እኮ።»

ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ይሰማል፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ይስቃሉ። እኔም ጮክ ብዬ፣ «ይህ ቺንጊያ ከእጄ ወጥቶ እንደገና ከተንሸራተተ፣ የጋራዤን ቁልፍ ወስደህ በሩ ላይ ስምህን ጻፍ!» አልኩ። አልማዝ ደግሞ መች ትተወኛለች፣ «ምስክር ነኝ፣ ቀለሙን የምገዛው እኔ ነኝ» አለች።

ሁለት ቀን ሠራሁ። ቺንጊያው የሚዞርባቸውን ፑሌጃዎች ከዘይት አጠብኩ፣ በሲባጎ ለክቼ አንድ መስመር ላይ መቆማቸውን አየሁ፣ አዲስ ቺንጊያ አስገብቼ መወጠሪያውን እስከ ጥግ አጠበቅሁት፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት ንቅንቅ የማይል ሆነ። ጋራዡ ውስጥ ሞተሩን ባስጮኸውም ቺንጊያው ጭጭ።

ቀሪው የመንገድ ሙከራ ነበር። እኔ አሁን አሁን መኪና የምሞክረው በአረካ መንገድ ነው። አልማዝ ግን፣ «የምኖረው ቦዲቲ፣ አረካ ምን አለኝ?» ብላ ጎኔ ተቀመጠች። ምን ልበላት? በቦዲቲ መንገድ አራት ወር ሙሉ ያላለፍኩበትን ምክንያት ልንገራት? ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

በዚያ መንገድ፣ ዳገቱ መሀል ላይ፣ እንሰት የከበበው የአቶ ባሳ ቤት አለ። አቶ ባሳ ከአራት ወር በፊት ያረፈ ሽማግሌ መካኒክ ነው። በወጣትነቴ ስምንት ወር ግቢው ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አልክድም፣ ግን እሱ ሞተር ሲፈታ መብራት ነበር የምይዝለት፣ መብራት መያዝ መማር ነው እንዴ? የሞተ ዕለት ልቀብረው ጥቁር ኮቴን ለብሼ ሄድኩ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ስደርስ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፣ «በሶዶ የታወቀውን መካኒክ ዳልኬን ከምንም አንስተው ለዚህ ያበቁ» ሲል ሰማሁ። ከምንም አንስተው! እግሬን ከደጃፉ መለስኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በሟቹ በር ዝም ብሎ አያልፍም፣ ወይ ገብቶ ይቀመጣል፣ ወይ መንገድ ይቀይራል። እኔ መንገድ ቀየርኩ።

እንግዲህ የዚያን ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ አልማዝን ይዤ ዳገቱን ጀመርኩ። መኪናዋ እንደ ወጣት ኮርማ ትወጣለች፣ «ሰማሽ? ዝምታውን ሰማሽ?» እላታለሁ፣ ልክ የባሳ ቆርቆሮ በር ላይ ስንደርስ ቺንጊያው ጮኸ። ጉልበቷ ጠፋ፣ በሩን እንዳለፍን ጸጥ አለች።

«ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ?» አለች አልማዝ።

«ዳገት ነው!» አልኳት። «ዳገት ሲሆን ጭነት አለው።»

አናቱ ላይ አዙሬ በዜሮ ማርሽ ቁልቁል ለቀቅኋት። ሞተሩ ያለ ጭነት ነው የሚዞረው፣ የሚንሸራተትበት አንዳች ምክንያት የለም። በሩ ላይ ስንደርስ ጮኸ። ካለፍን በኋላ ጸጥ።

ንዴቴን ልነግራችሁ አልችልም። በእኔ ላይ? እንደገና ወጣሁ፣ ስወጣም ጮኸ፣ አናቱ ላይ ቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ፣ ጭራሽ አጠፋሁት፣ ቁልፉን መሪው እንዳይቆለፍ ብቻ መለስ አድርጌ ተውኩ። መኪናዋ በራሷ ክብደት መንከባለል ጀመረች። ጸጥታው ሌላ ነበር፣ የጎማው ድምፅ፣ አንድ ቦታ የሚፈለጥ እንጨት፣ የአልማዝ ትንፋሽ። ፍሬኑን አጥብቄ እየረገጥኩ ወረድኩ። በሩ ጋ ስንደርስ፣ ከኮፈኑ ሥር፣ አጭር ጩኸት፣ ሰው ሲጠራህ እንደሚለው፣ አንዴ ብቻ።

አልማዝ ክንዴን ያዘችኝ። «ሞተሩ ጠፍቷል እኮ፣ ዳልኬ።»

«አውቃለሁ!» ብዬ ጮህኩባት፣ እሷ ምን አጠፋች፣ አቁሜ ወረድኩና ኮፈኑን ከፈትኩ።

ቺንጊያው ቆሟል። እጄን ሰድጄ ታችኛዋን ፑሌጃ ነካሁ፣ ለብ ብላለች፣ የመንፊያዋን ትንሿን ፑሌጃ ብነካ ጣቴን ፈጀችኝ፣ የሚንሸራተተው እሷ ላይ ነው ማለት ነው፣ ይህ ደህና። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው። መወጠሪያውን በያዘው ብረት ላይ፣ አሁን ካለበት አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በነጭ ጠመኔ የተሠራ ትንሽ ክብ አለ፣ በመሀሉም መስቀለኛ። ዱቄቱ እንኳ ገና አልረገፈም።

እኔ ጠመኔ አልይዝም። ምልክት የማደርገው በሚስማር ጭሬ ነው፣ ሶዶ ውስጥ የማያውቅ የለም። ብረት የሚበሳበትን ቦታ በክብና በመስቀለኛ የሚያመለክት አንድ ሰው ብቻ አይቻለሁ፣ ጠመኔውን ኮት ኪሱ ውስጥ ይይዝ ነበር፣ ኪሱ ሁልጊዜ ነጭ ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት አልማዝን።

«እብድ ነህ? ከጎንህ ተነስቻለሁ?» አለች፣ ቦርሳዋን ከፍታ የስፌት ጠመኔዋን አሳየችኝ። «የኔ ሰማያዊ ነው።»

እዚያው ቆሜ፣ ለዚያ በር ጀርባዬን ሰጥቼ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ልብ በሉ፣ ሰማሁ አላልኩም፣ ትዝ አለኝ ነው ያልኩት። «ቺንጊያ የሚይዘው ስለታነቀ አይደለም፣ ስላቀፈ ነው።» እኔ መብራት ይዤ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ። አርባ ዓመት ሙሉ አንዴም ትዝ ብሎኝ የማያውቅ ነገር።

በማግስቱ ያንን ቦታ በሳሁ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ግን ልኩን በራሴ አስቤ ብደርስበትም እዚያው ነበር የምበሳው፣ ይህን ማንም ሊክደኝ አይችልም። መወጠሪያውን ወደ ውስጥ አስገባሁት፣ ቀድሞ ትንሿን ፑሌጃ በጫፉ ብቻ ይነካት የነበረው ቺንጊያ አሁን ከግማሽ በላይ ዞሮ አቀፋት፣ ውጥረቱንም አላላሁት። ተመስገንን ከነመመርመሪያው አስገብቼ፣ «አንተው ንዳ» አልኩት፣ አልማዝ ከኋላ ተቀመጠች። ያን ዳገት ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስት ጊዜ ወረደ። በሩ ላይ ስንደርስ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ አልማዝ በመስታወቱ ታየኛለች። ምንም። ጭጭ።

«ቁጥሩ ሞልቷል፣ ጋሼ» አለ ተመስገን፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እውነቱን አልደበቀም። «ቁልፉ የእርስዎ ነው። ግን መወጠሪያውን ማዛወር ለእኔ አልመጣልኝም ነበር። ማን አስተማረዎት?»

«ማንም!» አልኩ።

አልማዝ ስንወርድ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ዳልኬ፣ የባሳን ሚስት አውቃታለሁ፣ ቀሚሷን የምሰፋላት እኔ ነኝ፣ ለቅሶ አለመድረስህን ነግራኛለች። በሩ አልተዘጋም፣ መቼም ቢሆን ይምጣ ብላለች። ሂድና ተቀመጥ።»

ይኸው ነው እንግዲህ! ለቺንጊያ ተብሎ ለቅሶ ይደረሳል? የሞተ ሰው መጥቶ በሠራሁት ሥራ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ እኔ ይቅርታ ጠያቂ እሆናለሁ? አልሄድኩም። ጋራዤ ጋራዤ ነው፣ መኪና የምሞክረውም በአረካ መንገድ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ግን፣ ከቀትር በኋላ፣ በዚያው በአረካ መንገድ ለሥራ ሄጄ ስመለስ ባጃጅ ያዝኩ። ነጂው ወሬ ወዳድ ነው፣ ስለ አልማዝ መኪና ሰምቷል፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረዎት?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት።

ከመቀመጫዬ ሥር ጮኸ። አጭር፣ አንዴ ብቻ።

ነጂው ባጃጁን ዳር አስይዞ ዞረ። «ሰሙት? የቺንጊያ ድምፅ ነው አይደል?»

ኮቴን ሰብስቤ ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ፣ ባጃጅ እኮ ቺንጊያ የለውም።