ውሃ ያጠበው ድፍድፍ

የነዳጅ ዘይት ቁፋሮ ካምፑ ኬሚስት ኮይቪ ላሃሪ በቤተ ሙከራው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ከጎኑ ከባድ የብረት መፍቻ ወድቋል።

«መፍቻው የቆፋሪው የሂሪ ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ቆልፌበታለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ ዳረን ፒኬት። ዳረን ድሮም ከማሰብ ማሰር ይቀለዋል።

ከኬሬማ ከተማ በጀልባ የመጣችው ኢንስፔክተር ማይኖ ሄቮኮ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ገባች። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ኬሚስትሪ ተምራ ነበርና ሟቹ ሲመረምረው የነበረውን ናሙና በመሣሪያው ደግማ ፈተሸችው። ውጤቱን ስታየው ፊቷ ጠቆረ።

ናሙናው ያለበት ጠርሙስ በሦስት ሰዎች እጅ አልፏል። ሂሪ ምንነቱ ያልለየለትን ጭቃማ ፈሳሽ ከጉድጓዱ አፍ ቀዳበት፤ የመሬቱ ባለቤት የሆነው ጎሳ ሽማግሌ አባባ ሞሬአ በወጉ መሠረት ተሸክመው አመጡት፤ ፒኬት ተረከበው። «ዘይት ተገኘ!» ተብሎ መንደሩ ሲጨፍር ዋለ።

«እኔም ጨፍሬያለሁ፣ እህቴ» አለ ሂሪ ከተቆለፈበት ኮንቴይነር ውስጥ። «ሰው ገድዬ የምጨፍር እመስልሻለሁ?»

«አጨፋፈርህን ስላላየሁ አልፈርድም።»

አባባ ሞሬአን ያገኘቻቸው የሐዘን ጭቃ እንደተቀቡ ነው።

«አባባ፣ ዘይት በራሱ ከውሃ ጋር ወደሚፈልቅበት ምንጭ መውረጃው ላይ ቅጠል ታስሯል።»

«እኔ ነኝ ያሰርኩት። ትልቋ ልጄ ምጥ ይዟት፣ ሐኪም ጋ የሚያደርስ መንገድ ስለሌለ ታንኳ ላይ ሞተች። ሐዘኑ እስኪወጣ ማንም እዚያ አይረግጥም።»

«የረገጠ የለም?»

«ማን ደፍሮ!» አሉ በኩራት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የድፍድፍ ዘይትን ታሪክ የሚናገሩት አሮማቲክ የሚባሉት ውሁዶች ናቸው» አለች። «ቀላሎቹን ውሃ አሟሙቶ ይወስዳቸዋል፤ ከባዶቹ ይቀራሉ። ከጥልቅ ጉድጓድ አሁን የወጣ ዘይት ቢሆን ቀላሎቹ በኖሩት ነበር። በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ግን የሉም። ይህ ውሃ ሲያጥበው የኖረ የምንጩ ዘይት ነው። ኮይቪም የደረሰበት ይህንኑ ነው። ጉድጓዱ ባዶ ነው።»

ፒኬት ብድግ አለ። «ከምንጩ ማንም ሊቀዳ ይችላል እኮ!»

«አንተ ቅጠሉን ትሻገራለህ?»

ፒኬት ተመልሶ ተቀመጠ። ባለፈው ዓመት ሌላ የታሰረ ቅጠል የተሻገረውን ሠራተኛ የጎሳው ሰዎች እግሩን ሰብረውታል።

«ጉድጓዱ ባዶ ሊሆን ይችላል የሚል ሥጋት የመጣው ቅጠሉ ከታሰረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ከምንጩ ለመቅዳት ማንም ምክንያት አልነበረውም። ቋጠሮው ደግሞ አልተነካም፤ መውረጃውን የሚጠብቁት የጎሳው ሰዎችም ሲያልፍ ያዩት ባዕድ የለም። አልፎ ቢሄድ ማንም የማይጠይቀው ያሰረውን ሰው ብቻ ነው።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ዘይት ያው ዘይት መስሎኝ» አሉ። «ዘይት ከተገኘ መንገድ ይሠራል፣ ክሊኒክ ይከፈታል አላችሁን። ታናሿም አርግዛለች። ኮይቪን ዝም በልልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹አልችልም አባባ› አለኝ። ሂሪ ረስቶት የሄደው መፍቻ እጄ አጠገብ ነበር። ልጄን ስቀብር አብሮኝ ያለቀሰ ልጅ!»

ሂሪ ተፈታ፤ ደስ ያለው ግን አይመስልም። ፒኬት ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ፤ ካምፑ ይነሳል ተባለ። በመንደሩ ያሉት ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ሁሉ የኩባንያው ስለሆኑ አብረው ይሄዳሉ።

አባባ ሞሬአ እጃቸው ታስሮ ጀልባው ላይ ሲወጡ ታናሽ ልጃቸው ሆዷን ደግፋ ዳር ላይ ቆማ ነበር።

«መንገዱስ ቀረ?» ብለው ማይኖን ጠየቋት።

«ቀረ፣ አባባ» አለቻቸው።

«ክሊኒኩስ?»

ማይኖ ልጅቷን አየቻት፤ ከዚያ ዞር ብላ ሞተሩ እንዲነሳ ለባለ ጀልባው ምልክት ሰጠች።